የአባት ስም የሚቀድምላቸው

ከክሊኒክ የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አሉህ?» ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ባክቴሪያ ነው አሉኝ።» ከዚያ ወሬው ወደ መድኃኒቱ ይዞራል። ዋጋው ስንት ነው? በቀን ስንቴ ይወሰዳል? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የባክቴሪያውን ስም የሚጠይቅ ግን የለም። በላቲን ፊደል የተጻፈው ወረቀት ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይገባና እዚያው ይረሳል።

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለዚያ ስም ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ለምንኖር ቤተሰቦች ጉዳዩ ከቃላት ጨዋታ ያለፈ ነው። የገፈርሳ ግድብ ጎረቤታችን ነው። የሱሉልታ ወተት ጠዋት ጠዋት በራችን ይደርሳል። በየሰፈሩ የተከፈተው ክሊኒክ ደግሞ ትኩሳት ይዞት ለሄደ ሁሉ አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ይሰጣል። በውሃው፣ በወተቱና በወረቀቱ ላይ የሚመላለሱት ባክቴሪያዎች ሁሉ ሙሉ ስም አላቸው። ያንን ስም በግማሽ መስማት አንዳንዴ ጭራሽ ካለመስማት ይብሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለገበያ ያልወጣ ስም

የዕለት እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው። ለአዲስ ምርት ስም ሲወጣ ስብሰባ ላይ የምንጨቃጨቀው በሦስት ነገር ነው። አጭር ነው ወይ? አፍ ላይ ይቀላል ወይ? ገዢው ይወደዋል ወይ? በዚህ መለኪያ «ማይኮባክቴሪየም ቱበርክሎሲስ» የመጀመሪያውን ስብሰባ አያልፍም። ረጅም ነው፣ ምላስ ያስራል፣ የሚወደውም የለም።

የባክቴሪያ ስም ግን የሚሸጠው ነገር የለም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ሰበታ ያለ ባለሙያ የጻፈውን ስም ቶኪዮ ያለ ሐኪም ሲያነበው ሌላ ነገር እንዳይመስለው ማድረግ። ለዚህም ሲባል ስሙ ዛሬ ማንም በመንገድ ላይ በማይነጋገርበት በላቲን ሥርዓት ይጻፋል። ቃላቱ ከላቲንና ከግሪክ ይወሰዳሉ፤ አለዚያም ስሙ ለአንድ ተመራማሪ መታሰቢያ ይሆናል ወይም ባክቴሪያው ከተገኘበት አገር ይወጣል። አወጣጡንም የሚገዛ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። እኛ በአንድ ስም ሁለት ምርት ገበያ ላይ እንዳይወጣ የንግድ ምልክት እናስመዘግባለን፤ የእነሱም ደንብ ያንን ነው የሚሠራው።

«ከበደ አልማዝ»

እኛ ሰው ስንጠራ የራሱ ስም ይቀድማል፣ የአባቱ ይከተላል። የባክቴሪያ ስም የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ ስም ነው፤ ሁለተኛው የራሱ። ከበደ የሚባል አባት ሦስት ልጆች ቢኖሩት፣ በባክቴሪያ ደንብ «ከበደ አበበ»፣ «ከበደ አልማዝ»፣ «ከበደ ጫላ» ተብለው ይመዘገቡ ነበር። ልጆቹ የአንድ ቤት ልጆች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንዱ ሰላማዊ፣ ሌላው አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። «የከበደ ልጅ መጣ» የሚለው ወሬ የትኛው ልጅ እንደመጣ አይነግረንም።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያው ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለተኛው በትንሽ። ሁለቱም በሕትመት ላይ ጋደል ብለው ይቀመጣሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ምልክት በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ይጠፋል፤ የቱ የአባት፣ የቱ የራስ እንደሆነ የምናውቀው በቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ስሙ ሲደጋገም ደግሞ የአባትየው ስም ወደ አንድ ፊደል ያጥራል። «ኢ. ኮላይ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ሙሉ ስሙ ኤሸሪኪያ ኮላይ ነው። የመጀመሪያው ቃል በ1885 ባክቴሪያውን ከሕፃናት ዓይነ ምድር ላይ አግኝቶ ለገለጸው ሐኪም ለቴዎዶር ኤሸሪክ መታሰቢያ ነው። «ኮላይ» ደግሞ «የትልቁ አንጀት» ማለት ነው። አድራሻው ስሙ ላይ ተጽፏል ማለት ይቻላል፤ የእያንዳንዳችን አንጀት ውስጥ አለ፣ አብዛኛውም ጉዳት የለውም።

እንግዲህ አንድ የውሃ ምርመራ ወረቀት ላይ «ኢ. ኮላይ፦ 0 በ100 ሚሊ ሊትር» የሚል ቢያዩ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ውሃው ከዓይነ ምድር ጋር የመነካካቱ ምልክት አልተገኘም። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሰው ወይም የአንድ እንስሳ አንጀት የነበረ ነገር ውሃው ውስጥ ገብቷል። ከኢ. ኮላይ ወገን ከባድ ሕመም የሚያመጡ ዓይነቶች ቢኖሩም፣ በውሃ ምርመራ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ምስክር ነው። የሚመሰክረውም «በዚህ በኩል ፍሳሽ አልፏል፤ ሌሎችም ተከትለው ሊገቡ ይችላሉ» ብሎ ነው። ሮቶ ሞልተን ሳምንት የምንጠቀም ቤተሰቦች የሮቶው ክዳን ለምን መዘጋት እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገንም።

በረኛው

በከተማችን እንደ «ኤች ፓይሎሪ» የታወቀ የባክቴሪያ ስም ያለ አይመስለኝም። የቡና ወሬ ሆኗል። ስሙን ፈታ አድርገን ስናየው ግን ደስ የሚል ታሪክ አለው።

ሙሉ ስሙ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። «ሄሊኮ» ጠምዛዛ፣ «ባክተር» ትንሽ ዘንግ ማለት ነው፤ ሁለቱም ከግሪክ የመጡ ናቸው። በአጉሊ መነጽር ሲታይም እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ነው። «ፓይሎሪ» የመጣው የጨጓራ የታችኛው በር ከሚጠራበት ቃል ሲሆን፣ የግሪኩ ሥር ትርጉም «በረኛ» ነው። ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት ሲያልፍ የሚከፍትና የሚዘጋ በረኛ አለ፤ ይህ ባክቴሪያ የተገኘው በእሱ አካባቢ ነው። ስለዚህ ስሙ በአማርኛ ሲፈታ «የበረኛው ጠምዛዛ ዘንግ» እንደማለት ይሆናል።

አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በ1982 ፐርዝ ከተማ ውስጥ ሊያሳድጉት ሲችሉ፣ የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የቃሪያ ውጤት ብቻ ነው የሚለው እምነት ተናጋ። በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ስሙ ግን በአንድ ጊዜ አልጸናም። መጀመሪያ ካምፒሎባክተር ከሚባል ወገን ተመደበና ሁለተኛ ስሙ «ፓይሎሪዲስ» ተባለ። ቆይቶ የላቲን ሰዋስው አዋቂዎች «አረባቡ ስህተት ነው» አሉና «ፓይሎሪ» ተብሎ ታረመ። በ1989 ደግሞ ወገኑም የእሱ እንዳልሆነ ስለታወቀ ሄሊኮባክተር የሚል አዲስ የአባት ስም ተሰጠው። ሳይንቲስቶች ራሳቸው የፊደል አጣጣል ሲያርሙ ኖረዋልና እኛ ስንደናገር ልናፍር አይገባም።

አነባበቡስ? «ፓይሎሪ» የሚል አለ፣ «ፒሎሪ» የሚል አለ፣ እንግሊዞቹን ተከትሎ «ፓይሎራይ» የሚልም አለ። «ኮላይ» እና «ኮሊ»ም እንዲሁ ናቸው። ጣሊያናዊው በጣሊያንኛ፣ ጀርመናዊው በጀርመንኛ አፍ ያነበዋል፤ ማንም አይቀጣም። ደንቡ የሚጠብቀው የላቲኑን አጻጻፍ ነው። ችግሩ የእኛ ፊደል እንደተሰማ ስለሚጽፍ፣ ሦስት አነባበብ ሦስት የተለያየ ጽሑፍ ይሆናል። ስልክ ላይ ስለ «ፒሎሪ» የፈለገና ስለ «ፓይሎራይ» የፈለገ ሁለት ሰው ስለ ሁለት ሕመም ያነበቡ ሊመስላቸው ይችላል። ስለዚህ ለመናገር እንደ አፋችን፣ ለማስተላለፍ ግን እንደ ወረቀቱ።

አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ባክቴሪያ በአገራችን በብዙ ሰው ሆድ ውስጥ ይኖራል፤ አብዛኛው ሰው ግን ቁስለት ሳይዘው ዕድሜውን ይጨርሳል። በደም የሚደረገው ምርመራ የሚያየው ሰውነት ያዘጋጀውን መከላከያ ስለሆነ፣ ባክቴሪያው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። ድኖ እንደሆነ ለማወቅ የዓይነ ምድር ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይሻላል። ይህ ልዩነት ወደ ዋናው ጉዳያችን ይወስደናል።

ታይፎይድና ታይፈስ

የአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ መስኮት ፊት ተሰልፈን ሳለ አንዲት ወጣት ባለሙያ ለአንድ አዛውንት ወረቀት ስትሰጥ ሰማሁ።

«አባባ፣ ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት።»

«ሁለቱም? የቱ ነው ልጄ የባሰው?»

«ሐኪሙ ይነግርዎታል አባባ።»

ሁለቱ ስሞች እንዲህ እንደ መንትያ አብረው ይጠራሉ። «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» የሚል ጎረቤት የሌለው የለም። ሁለቱ ግን መንትያ ቀርቶ ዘመድም አይደሉም።

ታይፈስ የቆየው ስም ነው፤ ከግሪክ «ጭስ» ወይም «ጉም» ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን፣ በትኩሳቱ ኃይል የታማሚው አእምሮ መደንገዙን የሚገልጽ ነው። ታይፎይድ ማለት ደግሞ «ታይፈስ መሳይ» ማለት ነው። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ሁለቱን አንድ ሕመም አድርገው ያክሙ ነበር። በ1837 ዊልያም ጌርሃርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሟቾችን አንጀት አነጻጽሮ የተለያዩ መሆናቸውን በግልጽ አሳየ። ስማቸው ግን እንደተመሳሰለ ቀረ።

ሙሉ ስማቸውን ስንጠራ ልዩነቱ ይወጣል። ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ ነው። «ሳልሞኔላ» ሳልመን ከሚባለው ዓሣ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ዳንኤል ሳልሞን የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም መታሰቢያ ነው። የሚተላለፈው በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። ታይፈስን የሚያመጣው ደግሞ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ይባላል፤ የሚተላለፈውም በልብስ ቅማል ነው። በዚህ ስም ውስጥ ሁለት ሰው አለ። ሃዋርድ ሪኬትስ ሕመሙን ሲያጠና በ1910 ሜክሲኮ ውስጥ በዚያው በታይፈስ ሞተ። ስታኒስላውስ ፎን ፕሮዋዜክም በ1915 የጦር ምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ሲያጠና ተይዞ ሞተ። አብሮት ይሠራ የነበረው ብራዚላዊው ሄንሪኬ ዳ ሮሻ ሊማ በ1916 ባክቴሪያውን ሲሰይመው ለአንዱ ባልደረባው የአባቱን፣ ለሌላው የልጁን ቦታ ሰጣቸው። ምላስ የሚያስረው ስም የሁለት ሰዎች ሐውልት ነው።

የእኛ አማርኛ እዚህ ላይ ከግሪኩ ይሻላል። «የአንጀት ተስቦ» እና «የቅማል ተስቦ» ስንል አንዱ ከየት፣ ሌላው ከየት እንደመጣ ስሙ ራሱ ይናገራል። አንዱን ሲሰሙ ሮቶውንና የእጅ መታጠቢያውን ያስባሉ፤ ሌላውን ሲሰሙ ልብስና አንሶላ መቀቀልን። «ታይፎይድና ታይፈስ» ሲባል ግን ምንም አያስቡም፤ መድኃኒት ብቻ ነው የሚያስቡት። መድኃኒታቸውም ቢሆን አንድ አይደለም። ለታይፈስ የመጀመሪያው ምርጫ ዶክሲሳይክሊን ነው። ለታይፎይድ በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ሪኬትሲያን አያጠፋውም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በየክሊኒኩ የምናገኘው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ «ዊዳል» እና «ዌይል ፌሊክስ» የሚሉ ቃላት አሉ። እነዚህ የባክቴሪያ ስም አይደሉም፤ የምርመራዎቹ ፈጣሪዎች ስም ናቸው። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል የታይፎይዱን በ1896 አስተዋወቀ፤ ዌይልና ፌሊክስ የታይፈሱን በ1916።

ሁለቱም ምርመራዎች ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልጉም። የታማሚውን ደም ከተዘጋጀ የባክቴሪያ አካል ጋር ቀላቅለው ሰውነት የሠራው መከላከያ እንዳለ ያያሉ። ይህ ሌባውን መያዝ ሳይሆን ዱካውን ማየት ነው። ዱካው የዛሬ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬ ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ዘመዱም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ «ኦ» እና «ኤች» የሚሉት ፊደላትም ከጀርመንኛ የመጡ ናቸው። «ሃውኽ» እስትንፋስ ማለት ነው። ጭራ ያላቸው ባክቴሪያዎች እየዋኙ ማሳደጊያ ሳህኑ ላይ ሲዘረጉ መስተዋት ላይ እንደተነፈሱበት ያለ ጉም ይሠራሉ፤ ስለዚህ የጭራው ክፍል «ኤች» ተባለ። ጭራ የሌለው ያንን ጉም ስለማይሠራ «ኦኔ ሃውኽ»፣ ያለ እስትንፋስ፣ ተባለና «ኦ» ቀረ።

የባሰ የሚያደናግር አለ። የታይፈሱ ምርመራ ላይ «ፕሮቲየስ ኦኤክስ 19» የሚል ይጻፋል። ፕሮቲየስ ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ ስሙንም ያገኘው መልኩን ከሚለዋውጥ የግሪክ የባሕር አምላክ ነው። ታይፈስን አያመጣም። ለምርመራው የተመረጠው አንዱ ክፍሉ ከሪኬትሲያ ጋር ስለሚመሳሰል ብቻ ነው። ስለዚህ «ፕሮቲየስ ተገኘብኝ» የሚል ሰው የተገኘበት ፕሮቲየስ አይደለም፤ ታይፈስ መሆኑም በዚያ ብቻ አይረጋገጥም።

ይህ ለቤተሰብ ምን ያህል ያስከፍላል? በ2014 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ታይፎይድ የሚመስል ትኩሳት የነበራቸውን 270 ታካሚዎች በሁለቱም መንገድ መርምሯል። በደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከደሙ አውጥቶ በማሳደግ፣ ታይፎይድ ወይም ፓራታይፎይድ የተረጋገጠባቸው 11 ሰዎች ነበሩ። በዊዳል ግን 88ቱ ሕመሙ ያለባቸው መስለው ታዩ። ካልቸርም ቢሆን የሚያመልጠው አለ፤ በተለይ ታማሚው አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ከወሰደ። ሆኖም በ11 እና በ88 መካከል ያለው ርቀት በዚህ ብቻ የሚሞላ አይደለም። ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ለማያስፈልግ አንቲባዮቲክ የሚዳረጉ ነበሩ፤ ትኩሳቱን ያመጣው እውነተኛው ነገርም ሳይፈለግ ይቀር ነበር። ያለአግባብ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል፤ የምር ታይፎይድ ለያዘው ልጅ ያ መድኃኒት በሚያስፈልግበት ቀን ላይሠራ ይችላል።

ቦቪስ ማለት የከብት

ከወረቀቱ ወደ ወተቱ እንሻገር። ብዙ ሰው ቲቢ አንድ ባክቴሪያ ይመስለዋል። ማይኮባክቴሪየም የአባት ስም ነው፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው። ማይኮባክቴሪየም ቱበርክሎሲስ የታወቀው የሳንባ ቲቢ መንስኤ ነው። ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ የሥጋ ደዌን ያመጣል፤ በ1873 ያገኘው ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን ስሙ አዲስ አበባ ውስጥ ከአለርት ግቢ ባለው የምርምር ተቋም ላይ ይገኛል። ሦስተኛው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ነው፤ «ቦቪስ» የከብት ማለት ነው።

ቦቪስ ከላም ወደ ሰው ሊሻገር ይችላል፤ አንዱ መንገድ ያልፈላ ወተት ነው። በ2012 የታተመ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ 88 የወተት ከብት እርባታዎች ውስጥ 2,956 ከብቶችን በቆዳ ምርመራ ፈትሾ፣ ከመቶው 30 ያህሉ ለቲቢ ምልክት አሳይተዋል። በሰው ላይ የሚታየው አብዛኛው ቲቢ አሁንም በትንፋሽ የሚተላለፈው ቱበርክሎሲስ ነው። ነገር ግን የልጁ ስም እዚህም ዋጋ አለው። በመደበኛው የቲቢ ሕክምና ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፓይራዚናማይድ ቦቪስን በተፈጥሮው አይነካውም። «ቲቢ ነው» ማለት የአባቱን ስም መናገር ነው። የትኛው ልጅ እንደሆነ ሲታወቅ ሕክምናው ሊለወጥ ይችላል።

ሌላው የወተት እንግዳ ብሩሴላ ነው። የአባት ስሙ በ1887 ማልታ ደሴት ላይ ከታመሙ የእንግሊዝ ወታደሮች ባክቴሪያውን ላገኘው ለዴቪድ ብሩስ መታሰቢያ ነው። ከፍየል የሚመጣው ብሩሴላ ሜሊቴንሲስ ይባላል፤ ማልታ በጥንቱ ስሟ ሜሊታ ነበረችና «የማልታው» ማለት ነው። የላሙ ደግሞ ብሩሴላ አቦርተስ ነው፤ ላሞችን ስለሚያስወርድ። በሰው ላይ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ ብዙ ጊዜም «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሰበታ የምትኖሩ ምናልባት በበሩ እያለፋችሁ ልብ ያላላችሁት ተቋም አለ፤ ብዙዎች በቀድሞ ስሙ ናሂዲክ የሚሉት የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት። የአገሪቱ ከብቶች ናሙና የሚመረመርበት ማዕከል ነው። ላም ያስወረደችበት ገበሬ «መጥፎ ዕድል» የሚለውን ነገር አባትና ልጅ ስም የሚሰጡት እንዲህ ያሉ ቤቶች ናቸው።

ለእኛ ለወተት ገዢዎቹ ግን መፍትሔው ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ወተቱ ይፍላ። እርጎ ከፈለግን አፍልተን፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዘን፣ ጥቂት እርጎ ጨምረን እናርጋው። ጥሬ ወተት ሲረጋ መኮምጠጡ ብቻ ቦቪስንና ብሩሴላን ለማጥፋት አይታመንም።

እርጎው ላይ የተጻፈው

ስለ እርጎ ካነሳን፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ «ፕሮባዮቲክ» የሚል የተጻፈባቸው እርጎዎችና እንክብሎች እየበዙ ነው። ከሙያዬ ልናገር፤ ይህ ቃል ብቻውን ሲጻፍ የሽያጭ ቃል ነው። ከጀርባው የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ ካልተጻፈ የገዢው እጅ ላይ ምንም መረጃ የለም። ጥሩ መለያ ሦስት ነገር ይጽፋል፤ የአባቱን ስም፣ የራሱን ስም፣ በመጨረሻም በፊደልና በቁጥር የሚጻፍ የንዑስ ዓይነት መለያ። ጥናት የሚደረገው በዚያ በተለየው ዓይነት ላይ ነው።

ስሙ ከድሮው ቢለይባችሁም አትደንግጡ። ላክቶባሲለስ የሚባለው ሰፊ ቤተሰብ በ2020 ለ25 ወገን ተከፋፍሏል። ለምሳሌ ላክቶባሲለስ ካሴይ ዛሬ ላክቲካሴይባሲለስ ካሴይ ሆኗል። የአባት ስም ተቀየረ፣ የራሱ ስም ግን አልተነካም። ዕቃው ያው ነው።

የሸዋው

የቦታ ስም የያዘ ባክቴሪያ ሁሉ እንደ ማልታው የበሽታ ስም ብቻ አይደለም። «ኤንሲስ» ወይም «ኤንሴ» የሚል መጨረሻ ሲያዩ «የዚያ አገር» ማለት መሆኑን ያስታውሱ። በ2017 ተመራማሪዎች ኮርች ከሚባለው፣ በኦሮምኛ ወለንሱ ከሚባለው አገር በቀል ዛፍ ሥር ላይ ካለ እብጠት ያገኙትን አዲስ ባክቴሪያ «ብራዲራይዞቢየም ሸወንሴ» ብለው ሰየሙት። «ብራዲ» ዝግተኛ፣ «ራይዞ» ሥር፣ «ቢየም» ሕይወት። ሲጠቃለል «ሥር ውስጥ በዝግታ የሚኖር፣ የሸዋው»። በዚያው ዓመት ከቦሎቄ ሥር የተገኘ ሌላ ባክቴሪያም «ራይዞቢየም ኤቲዮፒከም»፣ የኢትዮጵያው፣ ተብሏል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ተክል ወደሚጠቀምበት ማዳበሪያ ይለውጣሉ። ገበሬዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ባቄላና አተር የተዘራበት ማሳ በቀጣዩ ዓመት ጥሩ እንደሚያበቅል ያውቃሉ፤ ሥራውን የሚሠሩት የእነዚህ ወገኖች ናቸው። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ያሉት ሸዋ ምድር ላይ ነው። ልጆቻችን ባክቴሪያ ሲባል በሽታ ብቻ እንዳይመስላቸው፣ በአገራቸው ስም የሚጠራ አንድ ደግ ባክቴሪያ እንዳለ ንገሯቸው። ደግሞ ምላሳቸውን ያፍታታል፤ ብራ-ዲ-ራይ-ዞ-ቢ-የም ሸ-ወን-ሴ። ቤት ውስጥ ሞክሩትና ማን ሳይሰናከል እንደሚጨርስ እዩ።

ለመሳቢያው ጥቂት ልማዶች

1. የላቦራቶሪ ውጤት ስትቀበሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ለሌላ ሐኪም ስታሳዩ በቃል ከመንገር የላቲኑን አጻጻፍ ማሳየት ይሻላል።

2. «ባክቴሪያ ነው» ስትባሉ «ሙሉ ስሙ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ትህትና የጎደለው ጥያቄ አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም ደስ ይለዋል።

3. ቀጥሎ «ባክቴሪያው ራሱ ነው የተገኘው ወይስ ሰውነቴ የሠራው መከላከያ?» በሉ። ሌባውና ዱካው የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ።

4. ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ከተመላለሰ፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመራችሁ በፊት የደም ካልቸር ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን አማክሩ። ጥሬ ወተት የምትጠጡ ወይም ከብት የምትነኩ ከሆነ ያንንም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

5. ባለፈው ዓመት ወረቀት ላይ በነበረው ስም ተመርታችሁ ዘንድሮ መድኃኒት አትግዙ። የጎረቤት ታይፎይድ የእናንተ ታይፎይድ አይደለም።

በሚቀጥለው ወር በሌላ የቤታችን ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ወተታችሁ የፈላ፣ ሮቷችሁ የተከደነ ይሁን። ጤና ይስጥልኝ!